የሰባት ልጆች አባት የሆንኩበት እሁድ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ቤዛ ቢሮ ሄጄ ነበር። ቤዛ ጠበቃ ናት፤ ቢሮዋ ከአዲሱ ገበያ ወረድ ብሎ፣ ከሥሩ መድኃኒት ቤት ያለበት ፎቅ ላይ ነው። ጎረቤቴ የጣሪያውን ውሃ ወደ ግቢዬ አዙሮ ክረምቱን ሙሉ በጭቃ ስላስዋኘኝ፣ አንድ ጠንከር ያለ ማመልከቻ እንድትጽፍልኝ ነበር የሄድኩት። «እሺ፣ ይንገሩኝ ጋሼ» አለችኝ። ነገርኳት። እኔ ሳወራ እሷ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ ታደርጋለች። ያስመጣችልኝን ሻይ አንስቼ ፉት ማለት ስጀምር «አለቀ» አለችና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። እውነትም አልቋል። ፍሬ ነገሩ፣ የሕግ አንቀጹ፣ የምጠይቀው ዳኝነት፣ ሁሉም በየቦታው ቁጭ ብሏል።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አልኳት።

«እሱ ነው» አለች በአገጯ ወደ ኮምፒውተሩ እያመለከተች። «አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ነው ጋሼ። ነገሩን ይነግሩታል፣ እሱ ያረቅቃል። በፊት ቀናት የሚፈጅብኝን አሁን ከምሳ በፊት እጨርሳለሁ። አንድ ክፉ አመል ብቻ አለበት፤ አንዳንዴ የሌለ ነገር ከራሱ ፈጥሮ ይጨምራል። ያውም ሲጽፈው እንዴት አድርጎ እንደሚያሳምረው! አንዷ ጓደኛዬ ሳታነበው ፈርማ አስገብታ ዳኛ ፊት የምትገባበት ጠፍቷት ነበር።»

«ለመሆኑ» አልኳት «የሰባት ልጆች አባት ያደርጋል?»

ቤዛ «እርጅናው መጣ» በሚል ዓይን አየችኝ። እኔ ግን ሳቅ ጀምሬ ነበር፤ ሻዩ ትን እስኪለኝ ሳቅኩ። እሷም ደንበኛ እስኪመጣ ድረስ ጊዜ ስለነበራት ወንበሯን አስጠግታ «ያውሩኝ እስቲ» አለች። አወራኋት። ለእሷ ያወራሁትን ነው እዚህ የምጽፈው፤ ስጽፈው ትንሽ ሳልጨምርበት አልቀርም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ዓመቱን አትጠይቁኝ። እኔ ያን ዘመን የምቆጥረው በሱሪ ነው፤ የቤልቦተም አፍ መጥበብ የጀመረበት፣ ግን ገና አስፋልት መጥረጉን ያልተወበት ወቅት ነበር። ጎፈሬዬ በበር ለመግባት ጎንበስ ያሰኘኛል፤ ከኋላ ኪሴ ሚዶ አይጠፋም። ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣል፤ አንድ ብር የያዘ ሰው ፓስታ በስጎውን በልቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ መልስ ይቀበላል። ስኳር ግን በገንዘብ ብቻ አይገኝም፤ ኩፖን ይዞ ህብረት ሱቅ ደጃፍ መሰለፍ ነው። ከየሻይ ቤቱ የሚለቀቀው ካሴት ግማሹ የፍቅር ግማሹ የዘመቻ ነበር፤ እኛም ወጣቶቹ ሳናዳላ ለሁለቱም ትከሻችንን እንነቀንቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ የሚወርደው የባሕር ዛፍ ሽታ ከእንጨት ተሸካሚዎቹ ሴቶች ቀድሞ ቀጨኔ ይደርሳል። ዛሬም አንዳንድ ቀን ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ መስኮት ሲከፈት ያ ሽታ ይመጣና የት ልወርድ እንደነበር ያስረሳኛል። ክፉው ነገር አልነበረም አልልም፤ ነበር፣ ብዙ ነበር። ግን ሰው ወጣት ከሆነ በክፉ ቀንም ቢሆን ያፈቅራል፣ ይቀልዳል፣ ሱሪ ያሳጥራል።

ሥራዬ የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነበር። ከሽሮ ሜዳ በታች ያለውን ዳገትና ቁልቁለት በእግሬ የማላውቀው የለም። በጉለሌ ከእኔ የበለጠ በውሻ የተነከሰ የመንግሥት ሠራተኛ ካለ ይቅረብና እንወዳደር። ጽጌንም ያገኘኋት በቆጣሪ ምክንያት ነው። አባቷ አቶ ደምሴ ቀጨኔ መንገድ ዳር በእግር የምትረገጥ መኪናቸውን ይዘው የተቀመጡ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ በሰፈሩ የተሰፋ ሳፋሪ ሁሉ በሳቸው እጅ አልፏል። እሳቸው ቆጣሪው እንደሚበድላቸው አጥብቀው ያምኑ ነበር። «ይኼ ብረት ውሃ በሌለበት ይዞራል» ይሉኛል። እኔም እንደ መሥሪያ ቤቴ «ቆጣሪ አይዋሽም» እላቸዋለሁ። ኋላ ቆሜ ሳይ እውነታቸውን ነው። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ከቧንቧው ቀድሞ የሚወጣው አየር ነው፤ ቆጣሪው ደግሞ ንፋሱንም ውሃ ብሎ ይቆጥራል። ለአለቆቼ አስረድቼ ሂሳቡን ሳስተካክልላቸው አቶ ደምሴ ወደዱኝ። ጽጌ ደግሞ ቆጣሪ የማነብበት ቀን ሳይደርስ የምመላለሰው ለምን እንደሆነ ከአባቷ በፊት ገብቷት ነበር። ቤዛ «ኮምፒውተሩ የሌለ አንቀጽ ይፈጥራል» ስትለኝ ቶሎ የገባኝ ለዚህ ነው። የተሠራው እንዲቆጥር ነውና ንፋስም ቢመጣ ይቆጥራል።

ሽማግሌ ላክሁ። አቶ ደምሴ ልጃቸውን እንደሚሰጡ፣ የሙሽራ ሙሉ ልብሴንም ራሳቸው እንደሚሰፉልኝ ተናገሩና አንድ ነገር ጨመሩ። «እንግዳ ሲመጣ አልጋ ላይ የሚቀመጥበት ቤት ልጄን አልሰጥም። ታደሰ ሁለት ክፍል አለው፤ ሁለቱም እንዳሉ ይቆዩ። አንዱ ከጎደለ እናንተም አልመጣችሁ፣ እኔም አልሰማሁ።» ሽማግሌዎቹ «ይሁን» ብለው ወጡ። ሁለቱ ክፍሎች ከሟች አክስቴ የቀሩልኝ የቀበሌ ቤት ነበሩ። ሽማግሌዎቹ የጠጡት ጠላ ከሆዳቸው ሳይወርድ የቀበሌው የቤት ኮሚቴ «ወንደላጤ ሁለት ክፍል ምን ያደርግለታል?» ብሎ አንዱን ክፍል ለህብረት ሱቁ መጋዘን ሊወስድብኝ ወሰነ። መብቴ ለቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ማመልከት ነበር። ክፍሉን ከተነጠቅሁ ጽጌንም እንደተነጠቅሁ አውቄ፣ በማግሥቱ ወደ ጋሽ ዘነበ ሮጥኩ።

ጋሽ ዘነበ ራፖር ጸሐፊ ነበር። ሸንጎ ፊት ጠበቃ ስለማይቆም፣ የሰፈሩ ሕግ ሁሉ ከቀበሌዎቹ በላይ ከሆነው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ባለችው የእሱ የቆርቆሮ ዳስ ሥር ነበር የሚኖረው። በደጉ ጊዜ በብዕር ይጽፋል። ጽፎ ሲጨርስ ተነሥቶ ይቆማል፤ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ማመልከቻውን ለባለጉዳዩ ጮክ ብሎ ያነብለታል። መንገደኛው ቆሞ ይሰማል። ባለጉዳዩ በገዛ በደሉ ያለቅሳል፤ «እንዲህ አድርጎ መበደሌን እኔ ራሴ አላውቅም ነበር» ያለም ሰው አለ። መሐል ላይ ደግሞ «ኧረ ጋሽ ዘነበ፣ አጥሬን ነው እንጂ ቤቴን አላፈረሰም!» የሚል ይነሣል። ጋሽ ዘነበ ያጉረመርምና ይሰርዛል። ዱሮ ማመልከቻውን ሁሉ «እንደ ራሔል ዕንባዬን ወደ ሰማይ እረጫለሁ» ይልበት ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ከላይ «ጭቁኑ አመልካች»፣ ከታች «ኢትዮጵያ ትቅደም» ጨመረበት፤ ራሔልን ግን ከመሐል አላስወጣትም።

ከዚያ መኪናዋ መጣች። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና፣ አሮጌ ግን ጥርሷ ያልወላለቀ። ያን ጊዜ የጽሕፈት መኪና እንደ መሣሪያ የምትታይ ስለነበረች ቀበሌ ወስዶ አሳይቶ፣ አስመዝግቦ፣ ጥልፍ ያለው ጨርቅ አልብሶ ዳሱ ውስጥ አስቀመጣት። በጣም የወደደው ግን ካርቦኑን ነበር። ወረቀት ደራርቦ፣ ካርቦን በየመሐሉ አስገብቶ አንዴ ሲመታ አራት ማመልከቻ ይወጣለታል። ጋሽ ዘነበ ደግሞ ብልህ ሰው ነው፤ የሰው አቤቱታ ሁሉ እንደሚመሳሰል አስተዋለ። ሁሉም ጭቁን ነው፣ ሁሉም ቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው፣ ሁሉም ፍትሕ ይሻል። ስለዚህ ማታ ዳሱን ዘግቶ፣ ዘና ብሎ ቀድሞ ይመታና ስሙን፣ የቤት ቁጥሩንና ጉዳዩን ብቻ ክፍት ይተዋል። ጠዋት ባለጉዳይ ሲመጣ ክፍቱን ሞልቶ «ፈርም» ይለዋል፤ በቃ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ነገር ነበር። ሰልፉ አጠረ፤ ዋጋውም በግማሽ ወረደ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች፣ ዱሮ ለማመልከቻ የሚከፍሉት አጥተው በደላቸውን ውጠው የሚቀሩት፣ ሸክማቸውን ዳሱ ላይ አስደግፈው ማስጻፍ ጀመሩ። ዛሬም የቤዛ ኮምፒውተር እንዲሁ ነው። አንዲት ዓይነ ስውር ደንበኛዋ የተፈረደላትን ፍርድ ስልኳ በጆሮዋ እያነበበላት ከቢሮ ስትወጣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ደስታዬ አላባራ አለ። ስለዚህ በእርጅናዬ መኪና ረገመ አትበሉኝ። ብቻ፣ ያቺ የጽሕፈት መኪና ስትገባ ማንም ልብ ሳይለው አንድ ነገር ወጣ። ጋሽ ዘነበ ማንበቡን ተወ።

እኔም ሄጄ ነገሬን ሁሉ ዘረገፍኩለት፤ የአክስቴን፣ የኮሚቴውን፣ የጽጌን፣ የአቶ ደምሴን ቃል። «ሊያገባ ነው ብለህ ጻፍልኝ፤ ዋናው እሱ ነው» አልኩት። «ገባኝ፣ ገባኝ» እያለ ከተደረደሩት አንዱን መዝዞ መኪናዋ ውስጥ አስገባ፤ ቀጭ ቀጭ አደረገና «ፈርም» አለኝ። የደረሰኝ የመጨረሻው ቅጂ ስለነበረ ጽሑፉ ታጥቦ እንደ ለቀቀ ቀለም ፈዟል። ወደ ብርሃን አዙሬ ላየው ስል «ምነው? አላመንከኝም?» አለ፤ ፊቱ ተለወጠ። በዚያ ሰፈር የጋሽ ዘነበን ጽሑፍ መመርመር ቄስ ሲባርክ «ምን አሉ?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነውር ነበር። ፈረምኩ።

ሸንጎው የሚቀመጠው እሁድ በቀበሌው አዳራሽ ነው። ከስብሰባ የሚቀር ሰው ስሙ ስለሚያዝ ሰዉ ግጥም ብሎ ሞልቷል። ሰብሳቢው ሐጂ ኑሩ፣ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፣ ሕዝብ መርጧቸው ዳኛ የሆኑ ሰው ነበሩ። «ጓድ» ማለት ግዴታ፣ «ሐጂ» አለማለት ደግሞ ነውር ስለሆነ ሁሉም «ጓድ ሐጂ» ይላቸዋል። አቶ ደምሴ ከነቤተሰባቸው ፊተኛው አግዳሚ ላይ ናቸው። ስሜ ተጠራና ቆምኩ። የሸንጎው ጸሐፊ ማመልከቻውን ማንበብ ጀመረ፦ «እኔ ጭቁኑ አመልካች፣ የሰባት ልጆች አባትና የሰፊ ቤተሰብ አስተዳዳሪ ስሆን...»

«ማን ይሆን ይኼ ምስኪን?» ብዬ ዘወር ዘወር አልኩ። ሰው ሁሉ እኔን ያያል።

«ልጆቹ የት ናቸው?» አሉ ጓድ ሐጂ። አፌን ልከፍት ስል ቀደሙኝ። ከኋላዬ አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠችና «ክፍለ ሀገር ይሆናሉ፣ አይ ድህነት!» አለች። አዳራሹ ሙሉ ከንፈሩን መጠጠልኝ። ዳኞቹ ጆሮ ለጆሮ ተነጋገሩ። «ሰባት ልጅ ላለው ሰው ሁለት ክፍልም ያንሰዋል። ክፍሉ አይነካበትም» ተባለ። ጭብጨባው ቀለጠ። አቶ ደምሴ በጭብጨባው መሐል ተነሡ፤ ባርኔጣቸውን ጫኑ፤ እኔን እንደ ግድግዳ አልፈው ወጡ። ጽጌ አንዴ ዞር ብላ አየችኝና ተከተለቻቸው። «ስሕተት አለ፣ ጓድ...» ስል ጸሐፊው የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ጠርቷል። እንዲህ ሆኜ ክርክሬን አሸነፍኩ።

ከሰዓት በኋላ እነ ጽጌ በር ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ጅራቱን የሚቆላልኝ ውሻቸው እንኳ ጮኸብኝ። አቶ ደምሴ በሩን ገርበብ አድርገው «ሂድ፣ ልጆችህን አሳድግ» አሉኝ። ከትከሻቸው በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ አንድ እጅጌ ብቻ የተሰፋለት የሙሽራ ኮቴ ተሰቅሎ ይታየኛል። ሰፈሩ ደግሞ በደግነቱ ገደለኝ። አንዷ ጎረቤቴ ልጆቿ የተዉትን ሹራብ ቋጥራ አመጣችልኝ፤ ቆጣሪ ላነብ የገባሁበት ቤት ሁሉ «ትልቁ ስንተኛ ክፍል ደረሰ?» ይለኛል። የመሥሪያ ቤቴ ጓደኞች «አባባ» ብለው ሻይ ጋበዙኝ። አሁን ሳስበው ሆዴን ይዤ እስቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን እውነቴን ነው፣ ማንም በሌለበት ቦታ አልቅሻለሁ።

ጋሽ ዘነበ ዘንድ ስሄድ መጀመሪያ አላመነኝም። ከተደረደሩት አንዱን አንሥቶ፣ እንደ ዱሮው ተነሥቶ ቆሞ፣ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። «የሰባት ልጆች አባት» ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ። ከዚያ ተቀመጠ። «ይኼ እኮ... ማለቴ... የአንድ ሰባት ልጆች ያሉት የከባድ መኪና ሹፌር ነው። መጀመሪያ ስመታው ለሱ ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ... እ... የመጣው ሁሉ ልጅ ያለው ሰው ነዋ!»

«ለስንት ሰው ሰጠኸው ጋሽ ዘነበ?»

ግንባሩን ጠረገ። የተደረደሩትን ወረቀቶች ወደ ጎን ገፋ አደረገ። ወዲያው ግን ብልሃቱ ተመለሰለት። «ቆይ፣ አንተ ግን አሸነፍክ አይደል? ክፍልህን አገኘህ። አሁን ሄደህ አንድም ልጅ የለኝም ብትል ክፍሉን መልሰው ይወስዱብሃል። ዝም በል። አቶ ደምሴን በሽማግሌ እናባብላቸዋለን።» እውነትም ምክሩ ምክር ነበር። ዝም ብል ክፍሉ አለ፣ ጽጌ የለችም። ብናገር ክፍሉ ይሄዳል፤ ክፍሉ ከሄደ ደግሞ የአቶ ደምሴ ቃል አለ። በየትም ብዞር ጽጌን አጣለሁ።

ጽጌን ያገኘኋት ከቀጨኔ መድኃኔዓለም ቅዳሴ ተፈትቶ ሰው ቁልቁል ሲወርድ ነው። ነጠላዋን አጣፍታ ብቻዋን ትመጣለች። ሰላምታም የለ፣ ወቀሳም የለ።

«ስማቸውን ንገረኝ» አለች።

«የማንን?»

«የልጆችህን። ከትልቁ ጀምር።»

«ጽጌ ሙች፣ እኔ... በመድኃኔዓለም... ማለቴ...» ተንተባተብኩ። አንድ ስም ከአፌ አልወጣ አለ። ቀስ እያለ የከንፈሯ ጫፍ ተነሣ።

«ውሸታም ብትሆን ስም አታጣላቸውም ነበር» አለች። «እኔ አምኜሃለሁ። አባቴ ግን ያመነው ሸንጎ ፊት የተነበበውን ነው። እዚያው ሄደህ አስተካክለው።»

«ክፍሉን ይወስዱታል። ክፍሉ ከሄደ ደግሞ አባትሽ...»

«አውቃለሁ» አለች። «የሌሉ ልጆች ባሉበት ቤት ግን አልገባም።» ይህን ብላ ነጠላዋን መልሳ አጣፋችና ቁልቁለቱን ወረደች።

እዚህ ስደርስ የቤዛ ደንበኛ መጥቶ በር አንኳኳ። ቤዛ ግን በእጇ «አንዴ ይጠብቁኝ» ብላ አስቀመጠችውና «ታዲያ ምን አደረጉ?» አለችኝ። ምን አደርጋለሁ? ሄድኩ እንጂ። በሚቀጥለው እሁድ፣ ሸንጎው ሥራ ሳይጀምር፣ ያን ሰፊ ሱሪዬን እየጎተትኩ መሐል አዳራሽ ቆሜ «ጓድ ሐጂ፣ ቃሌን ላሻሽል ነው የመጣሁት» አልኩ።

«ያሸነፈ ሰው ምን ያሻሽላል?» አሉ ሐጂ ኑሩ።

«ልጅ የለኝም። አንድም። ሊያገባ የተጫጨ ወንደላጤ ነኝ፤ ማመልከቻው ላይ የገባው ስሕተት ነው።»

የቤት ኮሚቴው ተወካይ «ብለን ነበር! ብለን ነበር!» እያለ ከወንበሩ ዘለለ። እኔ የፈራሁት እሱን ነበር፤ የመጣብኝ ግን ከሌላ በኩል ነው። ያቺ ባለፈው ከንፈሯን የመጠጠችልኝ ሴት ብድግ አለች። «ሰባት ልጅ ካደ! ጎበዝ፣ ለአንዲት ኮረዳ ብሎ ሰባት ልጅ ካደ!» አዳራሹ ተናወጠ። «ወይ ጊዜ!» «አባት ነህ አንተ?» ተባልኩ። አቶ ደምሴ እጃቸውን አጣምረው እንደ ድንጋይ ተቀምጠዋል። እሳቸውም ልጆቼን የካድኩ መሰላቸው። እውነት ስናገር የባሰ ውሸታም ሆንኩ።

ያን ጊዜ ጋሽ ዘነበ ከኋላ ተነሣ። ሲጽፍ ድንጋይ የሚያስለቅሰው ሰው በሕይወቱ ሸንጎ ፊት ቆሞ ተናግሮ አያውቅም። ላብ አጠመቀው። «ጥፋቱ የመኪናዋ... ማለቴ የእኔ ነው። ቀድሜ የመታሁት ነው። ልጁ አልነገረኝም፤ ማለቴ፣ የነገረኝን አልጻፍኩም...» ማንም አላመነውም። «ስንት ተቀበልክ?» የሚል ድምፅ መጣ። ሐጂ ኑሩ ጠረጴዛውን መቱና «ጸጥታ! ይኼን እናጣራዋለን። እስከዚያ የሚቀጥለው ባለጉዳይ ይቅረብ» አሉ።

የቀረቡት እማሆይ ወለተ ጻድቅ ነበሩ። ከልጅነታቸው የመነኮሱ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ባለች ጎጆ የሚኖሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጉልበታቸውን የሚስም እናት ናቸው። የቦኖው ጠባቂ ውሃ ስለሚከለክላቸው አመልክተዋል። ጸሐፊው ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፦ «እኔ ጭቁኑ አመልካች እማሆይ ወለተ ጻድቅ፣ የሰባት ልጆች አባትና የሰፊ ቤተሰብ አስተዳዳሪ ስሆን...»

ሰው ሁሉ ከወረቀቱ ወደ እማሆይ ዞረ። እማሆይ ቆባቸውን አስተካከሉ፤ መቋሚያቸውን ተደገፉ፤ ግራና ቀኝ አዩ። «ልጆቼ» አሉ ረጋ ብለው «እናት ሆንሽ ብትሉኝ በጾም በጸሎቴ ስሕተት ተገኝቶብኛል ብዬ ባለቀስኩ ነበር። አባት ሆንሽ ካላችሁኝ ግን እንግዲህ ምን እላለሁ፣ የእግዚአብሔር ሥራ ድንቅ ነው!»

ያን ቀን እንደተሳቀው ሳቅ በጉለሌ ተስቆ አያውቅም። የኮሚቴው ተወካይ አግዳሚ ላይ ተኛ። ያቺ ከንፈሯን የመጠጠችው ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰረች። ሐጂ ኑሩ ቆባቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉበት። እኔ የማየው ግን የአቶ ደምሴን ጀርባ ብቻ ነበር፤ መጀመሪያ ቀጥ እንዳለ ነው፤ ከዚያ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ሳቁ ሲበርድ ሐጂ ኑሩ መጀመሪያ ለእማሆይ ውሃቸውን ፈረዱላቸው። ቀጥሎ ጋሽ ዘነበን አስነሡት። «በእጅህ ጻፍ፣ በመኪና ጻፍ፣ አንከለክልህም፤ መኪናዋ ለድኃ ጠቅማለች። ነገር ግን የባለቤቱ ጆሮ ያልሰማውን ሸንጎ አይስማው። ጮክ ብለህ አንብብለት፣ ከዚያ ይፈርም።» ቤዛ ይህን ስትሰማ ብዕሯን አንሥታ ጻፈችው። እኔም ደስ አለኝ፤ የሐጂ ነገር ኮምፒውተሩም ላይ ይሠራልና።

በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ሳቅ አልቀረም ነበር። «ታደሰ፣ እውነት ተናግረሃልና ሸንጎው ያመሰግንሃል። ፍርዱ ግን የተሰጠው በሌሉ ልጆች ነው፤ ፈርሷል። ባለህ ቤተሰብ እንጂ በሚመጣልህ ቤተሰብ መፍረድ አንችልም። አንደኛዋን ክፍል ለህብረት ሱቁ ታስረክባለህ።» አንገቴን ደፋሁ። ጽጌ የተቀመጠችበትን ላለማየት መሬት መሬት አየሁ። ክፍሉ ሄዷል፤ የቀረው የአቶ ደምሴ ቃል ነበር፤ የሳቸውን ቃል ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አንዴ የለኩትን ደግመው የማይለኩ ሰው ናቸው።

አግዳሚው ሲንቋቋ ሰማሁ። አቶ ደምሴ ተነሥተዋል።

«ጓድ ሐጂ» አሉ፤ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። «እኔም የማሻሽለው ቃል አለኝ። ለዚህ ልጅ ሽማግሌዎች የተናገርኩት ነው። ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ "ሁለት ክፍል" ያልኩት "አንድ ክፍል" ተብሎ ይነበብልኝ።»

ሐጂ ኑሩ ጸሐፊውን አዩት። ጸሐፊው ብዕሩን አነሣና እያንዳንዷን ቃል ጮክ ብሎ እያነበበ ጻፈ። ከዚያ እልልታው ተነሣ፤ የጀመሩት እማሆይ ነበሩ። ቀና ብዬ ጽጌን አየኋት፤ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። እኔ ክርክሬን ተረትቼ፣ ቤቴን በግማሽ አጥቼ፣ በእልልታ ከአዳራሹ ወጣሁ፤ እንዲህ የተፈረደበት ሰው ከእኔ ሌላ በጉለሌ መኖሩን እንጃ።